በአንድ ዳስ ሥር ያሉ ሁለት ታንኳዎች

በሃዋይ ደሴቶች የታንኳ ቀዘፋ ክለብ የሚሞቀው ሰው ከሥራ ሲወጣ ነው። ከቢሮ የወጣው፣ ከግንባታ ቦታ አቧራውን እንኳ ሳያራግፍ የመጣው፣ ልጆቹን ከትምህርት ቤት የሰበሰበው ሁሉ ጫማውን አውልቆ አሸዋው ላይ ይገናኛል። እጅ ለእጅ ተያይዘው ክብ ይሠራሉ። ከመካከላቸው በዕድሜ ጠና ያለ ሰው አጭር ጸሎት ያደርሳል። ከዚያ በሁለት ጎን ተሰልፈው ረጅሟን የፋይበርግላስ ታንኳ ከዳሱ አውጥተው ወደ ውሃው ያወርዷታል። ክለቡ የታደለ ከሆነ ዳሱ ውስጥ አንዲት ሌላ ታንኳ ትቀራለች። ሸራ ለብሳለች። ሸራው ገለጥ ሲል መልኩ ቀይ ዳማ የሆነ፣ መስመሩ እንደ ሞገድ የሚጥመለመል እንጨት ይታያል። ኮአ ነው።

ሁለቱ ታንኳዎች በአንድ ጣራ ሥር ያድራሉ፤ ሰዎቹ ግን ስለ እነሱ ሁልጊዜ አንድ ቃል አይደሉም። ኮአዋ ለምን ተሸፍና ትቀመጣለች የሚል አለ፤ ለምን ትወጣለች የሚልም አለ። ክለብ የሚቋቋመው ለማሸነፍ ነው የሚል አለ፤ ልጅ ለማሳደግና አረጋውያንን ለማክበር ነው የሚልም አለ። ከሩቅ ለሚያየው ተራ የስፖርት ሙግት ይመስላል። ቀረብ ሲሉት ግን ጥያቄው ከበድ ይላል፦ አንድ ሕዝብ ከእጁ ሊወጣ ደርሶ የተመለሰለትን ነገር እንዴት ይያዘው? አጥብቆ ወይስ ላላ አድርጎ? ሁለቱንም ወገን በየተራ ልስማ። ፈጥኖ መፍረድ እዚህ ላይ አይገባም፤ ሁለቱም የሚከራከሩት ታንኳዋን ስለሚወዷት ነውና።

ለማያውቃት አንባቢ መጀመሪያ እሷን ላስተዋውቅ። ርዝመቷ ወደ 13 ሜትር ይደርሳል፤ ወርዷ ግን አንድ ሰው ከተቀመጠበት ብዙም አይተርፍም። ብቻዋን ብትተው ወዲያው ትገለበጣለች። ስለዚህ ኢያኮ የሚባሉ ሁለት ጎበጥ ያሉ እንጨቶች ወደ ግራ ጎኗ ተዘርግተው አማ የሚባለውን ረዘም ያለ ተንሳፋፊ ይይዛሉ፤ ሚዛኗ እሱ ነው። በጥንቱ አሠራር ኢያኮው ሃው ከሚባል ዛፍ፣ አማው ደግሞ ዊሊዊሊ ከሚባል ቀላል እንጨት ይሠራ ነበር። ዊሊዊሊን የዕፅዋት ሊቃውንት ከእኛው ኮርች ጋር በአንድ ወገን ይመድቡታል። ኮአም ቢሆን ከግራር ወገን ነው። እንዲህ ያለው ዝምድና ለክርክሩ የሚጨምረው ነገር ባይኖርም፣ ግራርን ለጥላና ለከሰል ብቻ ለምናውቅ ሰዎች፣ በሌላ ምድር ውቅያኖስ የሚሻገር ታንኳ እንደሚወጣው ማሰብ ደስ ይላል።

መቀመጫዋ ስድስት ነው። ከፊት ያለው ቀዛፊ የምቱን ፍጥነት ያወጣል፤ ከመካከል ያለ አንዱ ይቆጥራል፤ ስድስተኛው ይመራል። ከ12 እስከ 16 ምት በኋላ ቆጣሪው «ሃት!» ሲል ሁሉም አንድ ምት ጨምረው «ሆ!» ብለው መቅዘፊያቸውን ወደ ሌላው ጎን ያዞራሉ። አንዱ የዓይን ጥቅሻ ያህል ቢዘገይ ታንኳዋ ትንገጫገጫለች፤ ያንን ንቅናቄ ከሁሉም በፊት የሚያውቀው ከኋላ የተቀመጠው መሪ ነው። አዲስ ገቢ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሚማራቸው ነገሮች አንዱ ሁሊ ነው፤ ታንኳዋ ስትገለበጥ ጓደኞቹን መቁጠር፣ መቅዘፊያውን ከእጁ አለመልቀቅ፣ ተባብሮ ማቅናት፣ ከዚያም ውሃውን በባልዲ እየቀዱ ማፍሰስ። የስድስት ሰው ሥራ ነው፤ ሐኪሙም ተማሪውም እኩል ይቀዳል።

አሁን ወደ ክርክሩ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። የሃዋይ ሰዎች አባቶች ወደ ደሴቶቹ የመጡት በታንኳ ነው፤ ዓሣ ያጠመዱት፣ የተዋጉት፣ የተወዳደሩትም በታንኳ። ከ1820 ጀምሮ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የገቡት ሚስዮናውያን ውድድሩንና ከውድድሩ ጋር የተያያዘውን ቁማር አልወደዱትም። ከውጭ የመጣ በሽታም ሕዝቡን አመናመነው። ንጉሥ ካላካዋ በ1875 የልደት ቀኑን ኖቬምበር 16ን የጀልባና የታንኳ ውድድር በዓል አድርጎ ሲያውጅ፣ ሊጠፋ የደረሰ ነገር ማንሳቱ ነበር። ከዚያ በ1893 የደሴቶቹ ንግሥና ተገለበጠ፤ በ1896 የወጣው ሕግ ደግሞ የትምህርት ቤት ቋንቋ እንግሊዝኛ እንዲሆን አደረገ።

በዚህ ሁኔታ ላይ በ1908 በኦዋሁ ደሴት ዋይኪኪ ዳርቻ የአውትሪገር ታንኳ ክለብ ተቋቋመ። ሐሳቡን ያነሳሳው አሌክሳንደር ሁም ፎርድ የሚባል ከአሜሪካ የመጣ ሰው ነበር፤ ዓላማውም ታንኳውንና የማዕበል ግልቢያውን ከመጥፋት ማዳን ነበር። የመጀመሪያዎቹ አባላት ግን በብዛት ነጮች ነበሩ። በ1911 ሁዊ ናሉ የተባለው ክለብ ሲቋቋም ብዙዎቹ አባላት የደሴቱ ተወላጆች ሆኑ፤ በዓመቱ በስቶክሆልም ኦሊምፒክ በ100 ሜትር ዋና ወርቅ ያገኘው ዱክ ካሃናሞኩ ከመሥራቾቹ አንዱ ነበር። ይህን ታሪክ አንዳንዱ «ባህላችንን እንግዳ አዳነልን» ብሎ ያነበዋል፤ ሌላው «ባህላችንን እንግዳ ወስዶ እኛን በር ላይ አቆመን» ይላል። ሁለቱም ንባብ መሠረት አለው፤ ዛሬም ሁለቱ አመለካከቶች በየክለቡ ዳስ ሥር ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

የኮአ ወዳጆች የሚሉትን ልጀምር። ለእነሱ ታንኳ ከዛፉ ነው የሚጀምረው። በጥንቱ ሥርዓት ካሁና የሚባለው የታንኳ ሥራ ሊቅ ወደ ጫካ ይወጣና ኤሌፓዮ የምትባለውን ትንሽ ወፍ ይጠባበቃል። ወፏ ግንዱ ላይ ዝም ብላ ብትመላለስ እንጨቱ ጤነኛ ነው። እየቆመች ብትቆረቁረው ግን ውስጡ ነፍሳት ገብተውበታልና ይተዉታል። ይህን የሚሰማ ሰው ተረት ሊመስለው ይችላል፤ ነገር ግን ኤሌፓዮ ነፍሳት የምትበላ ወፍ ናት፤ ሥርዓቱም ከጥንቃቄ በቀር ሌላ አይደለም። ከዚያ ጸሎቱ፣ መቁረጡ፣ ግንዱን ከተራራ ወደ ባሕር መጎተቱ፣ መጥረቡ ይከተላል። ታንኳዋ ስም ይወጣላታል፤ በክብር ቀን አፍንጫዋ ላይ ከቲ ቅጠል የተጎነጎነ ጉንጉን ታጠልቃለች። በላይዋ መሻገር ነውር ነው። በዚህ ዓይን ለሚያያት ሰው ኮአዋ ዕቃ አይደለችም፤ ከቤተሰቡ አንዷ ናት። የክፍለ ሀገሩ የዓመት ማጠቃለያ ሻምፒዮና የኮአ ታንኳዎች ቀን ሆኖ መቆየቱንም የሚያዩት በዚህ መንገድ ነው፦ ልጁ ዓመቱን ሙሉ በምንም ይልመድ፣ በትልቁ ቀን ግን የአያቶቹን እንጨት ይንካ።

ይህ አመለካከት ተጨባጭ ጥቅምም አለው። ኮአ የሚፈልግ ክለብ ጫካ ይፈልጋል፤ ጫካ የሚፈልግ ሰው ደግሞ ችግኝ ይተክላል። ኮአ የሚጠግን እጅ ካልሠራ ይረሳል። ከሁሉም በላይ ሃዋይ በ1986 የታንኳ ቀዘፋን ይፋዊ የቡድን ስፖርቷ አድርጋ ስትደነግግ፣ ታንኳዋ ከየትም ፋብሪካ ከምትወጣ ጀልባ ምንም የማትለይ ብትሆን ኖሮ ድንጋጌው እንዲህ ያለ ትርጉም አይኖረውም ነበር።

በሌላ በኩል ያሉት ሰዎች ይህን አይክዱም፤ ዛፉ የት አለ ብለው ነው የሚጠይቁት። በ1793 ካፒቴን ቫንኩቨር ከብት ወደ ደሴቶቹ ካመጣ ወዲህ መንጋው እየተባዛ የኮአን ቡቃያ በላው፤ ብዙ ጫካም ግጦሽ ሆነ። የቀረውን እንጨት ቆራጭ ገባበት። ለታንኳ የሚበቃ ቀጥ ያለ፣ ወፍራም፣ ያልበሰበሰ ኮአ ዛሬ ብርቅ ነው። እዚህ ላይ ሃዋይሎአ የተባለችውን የረጅም ጉዞ ታንኳ ማስታወስ ይገባል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሠሪዎቿ ሙሉ በሙሉ ከአገር ዕቃ ሊሠሯት ፈልገው የደሴቶቹን ጫካ አሰሱ፤ ጎን ለጎን ለሚገጠሙት ሁለት አካሎቿ የሚበቃ ትልልቅ ኮአ አላገኙም። በመጨረሻ የአላስካ ነባር ሕዝቦች ከራሳቸው ደን ሁለት ትልልቅ የስፕሩስ ግንዶች በስጦታ ሰጧቸው፤ ታንኳዋም በ1993 ከእነሱ ተሠርታ ባሕር ገባች። ታሪኩ ሁለት ስሜት ይፈጥራል። የአላስካዎቹ ልግስና ልብ ይነካል፤ የገዛ ጫካን ዞሮ ዞሮ ባዶ እጅ መመለስ ደግሞ ያሳዝናል። «ኮአ ካልሆነ አይሆንም» ለሚል ሰው ይህን መመለስ ይከብደዋል።

ሁለተኛው ጥያቄያቸው ገንዘብ ነው። የአንዲት ጥሩ የኮአ ታንኳ ዋጋ ከመቶ ሺህ ዶላር በላይ ይገመታል። የክለቦች ገቢ ደግሞ የአባላት መዋጮና ታዋቂው የምግብ ሽያጭ ነው፤ ላውላው የሚባለውን በቅጠል የሚጠቀለል ምግብ ጠቅልለው፣ ቺሊ የሚባለውን ወጥ ሠርተው፣ ቲኬት በየጎረቤቱ ይሸጣሉ። በአንድ ሠፈር ብዙ ባለሀብት ያለው ክለብ ሁለት ኮአ ሊኖረው ይችላል፤ በሌላው ደሴት ጥግ ያለ የድሆች ልጆች ክለብ አንድም ላይኖረው ይችላል። ታዲያ ባህል ጥበቃ የሚባለው ነገር ሳይታወቅ ሀብት መለያ ከሆነስ? ይህ ስጋት ቀላል አይደለም። እኔ ራሴ ኮአን ለሚወዱት ይበልጥ አደላለሁ፤ እዚህ ላይ ግን ተቃዋሚዎቻቸው ያስቆሙኛል።

የኮአ ወዳጆች የሚሰጡት መልስ መዋዋስ ነው። ይህም እውነት ነው፤ በውድድር ቀን የአንዱ ክለብ ታንኳ የሌላውን ክለብ ቀዛፊዎች ይዛ ስትገባ ማየት የተለመደ ነው። ከደሴት ደሴት ታንኳ በመርከብ መጫን ውድ ስለሆነ የአገሩ ክለብ ለመጤው ያውሳል። ተፎካካሪህን በገዛ ታንኳህ ላይ አስቀምጠህ እንዲያሸንፍህ መፍቀድ የሚገርም ሥርዓት ነው፤ ብዙ ስፖርት ይህ የለውም። ያም ሆኖ ውሰት በባለቤቱ ፈቃድ ላይ የቆመ ነገር ነው። ዛሬ ያዋሰ ነገ ላያውስ ይችላል፤ ታንኳዋ ብትሰነጠቅ ማን ይክፈል የሚለው ጥያቄም ወዳጅነትን ይፈትናል። መልካም ልማድ የሕግን ቦታ ሙሉ በሙሉ ይተካል ማለት የዋህነት ይመስለኛል።

በኮአ ወዳጆች መካከልም ልዩነት አለ፤ ከውጭ የሚያይ ሰው ብዙ ጊዜ ይህን አያስተውልም። አንዱ «ብርቅ ስለሆነች እንሰውራት» ይላል፤ ድንጋይ ቢመታት፣ ሌላ ታንኳ ቢገጫት የሚተካ ዛፍ የለምና። ሌላው ደግሞ «ለባሕር የተጠረበች ናት፤ ባሕር ካላየች ምን ሆና ትኖራለች?» ይላል። የመጀመሪያው የአንድ ዕቃ አስተዋይ ባለአደራ ንግግር ነው፤ ሁለተኛው የመቅዘፊያ ድምፅ እየሰማ ያደገ ሰው ንግግር ነው። ሁለቱንም ብሰማ ወደ ሁለተኛው ትንሽ አዘነብላለሁ። የተሸፈነችን ታንኳ ማንም ልጅ አይወዳትም። ሽማግሌው ቢነግረው ይሰማ ይሆናል፤ በእጁ ካልዳሰሳት ግን ለልጁ የሚነግረው አይኖረውም።

ሌላው ሙግት ስለ መቀመጫው ነው። ስድስት ቦታ አለ፤ የሚፈልገው ግን ሃያ ሰው ነው። ማን ይቀመጥ?

አንዱ ወገን በግልጽ ይናገራል፤ የቀደመ ይቀመጥ። በሰዓት ይለካ፣ በአንድ ሰው ታንኳ ይፈተን፣ ጠንካራው ይመረጥ። ይህን የሚሉ ሰዎች ጨካኞች አይደሉም። አድልዎ የሚገባው መለኪያ በሌለበት ነው ይላሉ፤ አሠልጣኙ የእህቱን ልጅ የሚያስቀምጥበት ክለብ ቤተሰብ ነኝ ቢል ማን ያምነዋል? በተጨማሪም ባሕሩ ራሱ አይራራም። የሞሎካይ ሆዬን ውድድር የሚያውቅ ይህን ይረዳል። ከሞሎካይ ደሴት ተነስቶ ኦዋሁ ላይ ዋይኪኪ የሚያበቃው መንገድ ወደ 66 ኪሎ ሜትር ነው፤ የካይዊ ሰርጥ ሞገድ ደግሞ በጉልበቱ የታወቀ ነው። በ1952 ሲጀመር የተወዳደሩት ሦስት ታንኳዎች ብቻ ነበሩ፤ አሸናፊዋ የፈጀባት ወደ 9 ሰዓት ነው። ዛሬ ፈጣኖቹ ከ5 ሰዓት በታች ይገባሉ፤ ከታሂቲ የሚመጡ ቡድኖችም ደጋግመው አሸንፈዋል። በመንገዱ ላይ ቀዛፊዎች ይቀያየራሉ፤ ተቀያሪዎቹ ከአጃቢ ጀልባ ወደ ክፍት ባሕር ዘለው ይገቡና ታንኳዋን በመንገዷ ላይ ይጠብቃሉ። ስትደርስ የደከሙት በአንድ ጎን ተንከባልለው ይወጣሉ፤ እነሱ በሌላው ጎን ጠርዟን ይዘው ዘለው ይገባሉ፤ ታንኳዋ አትቆምም። እዚህ ቦታ ላይ ለወዳጅነት ተብሎ ያልተዘጋጀን ሰው ማስቀመጥ ለሰውየውም ለሌሎቹም አይጠቅምም።

ሌላው ወገን የሚያነሳው ነገርም እኩል ክብደት አለው። ክለቡን ከሰኞ እስከ ዓርብ የሚያቆመው አሸናፊው ቡድን ብቻ አይደለም። አማውን የሚያስረው፣ ታንኳዋን በንጹህ ውሃ የሚያጥበው፣ ድስቱን የሚያማስለው፣ የሕፃናቱን ቡድን የሚያሠለጥነው ማን ነው? ብዙ ጊዜ ፈጣኑ ቀዛፊ አይደለም። ዓመቱን ሙሉ መጥቶ በውድድር ቀን አሸዋ ላይ የቀረ ሰው በሚቀጥለው ዓመት አይመጣም፤ ልጆቹም አብረውት ይቀራሉ። ከዚያ ክለቡ ዋንጫ ይኖረዋል፤ የሚያወርድ እጅ ግን ይጠፋዋል።

ሬጋታ የሚባለው ክለቦች ተሰብስበው ቀኑን ሙሉ የሚወዳደሩበት አሠራር ለዚህ ጥያቄ የራሱ መልስ አለው፤ ተሟጋቾቹ ግን ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት ይመስለኛል። በአንድ የሬጋታ ቀን የሚካሄዱት ውድድሮች ወደ 40 ይጠጋሉ። ከ12 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ጀምሮ ጀማሪዎች፣ ወጣቶች፣ ከ40 በላይ፣ ከ60 በላይ እያለ ይሄዳል፤ ወንዱም ሴቱም ድብልቁም የየራሱ ተራ አለው። ነጥቡ ለክለቡ ይደመራል። የአሥራ ሁለት ዓመቷ ልጅና አያቷ ያገኙት ነጥብ በአንድ ሠንጠረዥ ላይ ይገባል። ስለዚህ ትንንሾቹን ያልያዘ፣ አረጋውያኑን ያባረረ ክለብ በሬጋታ ሩቅ አይሄድም። ማሸነፍና ማቀፍ ጠላቶች እንዳልሆኑ የሚያሳይ ነገር ነው፤ ቢሆንም በረጅም ርቀቱ ውድድር ይህ ሚዛን አይሠራም፤ ሙግቱም የሚጠነክረው እዚያ ነው።

ጥንቃቄን የምንወድ ሰዎች ራሳችንን ልንመረምርበት የሚገባ አንድ ታሪክ አለ። ለረጅም ጊዜ የካይዊን ሰርጥ የማቋረጥ ውድድር የወንዶች ብቻ ነበር። ሴቶች ሲጠይቁ የሚሰጣቸው መልስ በአብዛኛው የአደጋ ሥጋት ነበር፤ ሞገዱ ይከብዳል፣ ርቀቱ ይረዝማል። ሥጋቱን ያነሱ ሰዎች ሁሉ ክፉ ነበሩ ማለት አይቻልም፤ ባሕሩ ያስፈራል፤ በ1978 ሆኩሌአ የተባለችው ታላቅ ታንኳ በእነዚሁ ደሴቶች ባሕር ተገልብጣ፣ እርዳታ ለማምጣት በሰሌዳው የቀዘፈው ኤዲ አይካው ሳይመለስ ቀርቷል። ነገር ግን ከዚያ ቀደም ብሎ በ1975 ሴቶች በራሳቸው ተነሳሽነት ሰርጡን አቋርጠው አሳዩ። በ1979 ናዋሂኔ ኦ ኬ ካይ የተባለው የሴቶች ውድድር ይፋ ሆነ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ተብሎ የቆየው ነገር አንድ ትውልድ ሴቶችን አሸዋ ላይ አስቀርቷል። ይህን የማነሳው ጥንቃቄን ለማውገዝ አይደለም፤ እኔም በዚህ ጽሑፍ ደጋግሜ የማደርገው እሱን ነው። መጠንቀቅ ዋጋ የሚያስከፍለው ሰው ማን እንደሆነ መጠየቅም ግን የጥንቃቄ አንዱ ክፍል ነው።

ስለ እንግዳና ባለቤት የሚነሳውን ጉዳይ በአጭሩ ላንሳ፤ እኔ ከውጭ ሆኜ ብዙ ማለት አይገባኝምና። አብዛኞቹ ክለቦች በራቸው ክፍት ነው፤ ከጃፓን፣ ከፊሊፒንስ፣ ከአሜሪካ ዋና ምድር የመጣ ሁሉ ይቀዝፋል። የደሴቱ ተወላጆች አንዳንዶቹ ይህን ይወዱታል፤ ባህሉ ሰው አገኘ ማለት ነው። ሌሎቹ ይከነክናቸዋል፤ ጸሎቱን እንደ ማሟሟቂያ፣ ቃላቱን እንደ ጌጥ የሚቆጥር ሰው ሲበዛ ቤቱ የማን እንደሆነ ይጠፋል ይላሉ። ለምሳሌ አማውን ከኢያኮው ጋር በገመድ አስሮ ማጥበቅ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። አዲስ ሰው ጎማና ቀበቶ ቢጠቀም ይፈጥንለታል፤ ይዞም ይቆያል። የገመዱን አስተሳሰር የሚያስተምረው ሽማግሌ ግን ከአዲሱ ሰው ጋር አንድ ሰዓት ቁጭ ብሎ ያወራል። በቀበቶው የሚቀረው ያ አንድ ሰዓት ነው። እንግዳ መቀበልና እንግዳ ማስተማር አንድ እንዳልሆኑ ይህ ያሳያል።

ታዲያ ወዴት አዘነብላለሁ? በማመንታት ነው የምናገረው፤ እነሱ ከእኔ ይልቅ ባሕራቸውን ያውቃሉ። ኮአዎቹ በትልቁ ቀን ይቀዘፉ፤ መልካም ነገር ነው፤ መተውም የለበትም። ነገር ግን ኮአ ያለው ክለብ ለሌለው የሚያውስበት መንገድ በባለቤቱ ቸርነት ላይ ብቻ መቆም የለበትም። ጉዳት ቢደርስ ማን እንደሚጠግን ቀድሞ ይጻፍ፤ ድሃው ክለብ በሬጋታው ጠዋት እየለመነ አይዙር። ኮአ ለመቀዘፍ የፈቀደ ክለብ ሁሉ ደግሞ በየዓመቱ ተራራ ላይ ወጥቶ ችግኝ ይትከል፤ ዛሬ የተተከለ ኮአ ለታንኳ የሚደርሰው ለልጅ ልጆቻቸው ነውና አሁን ካልተጀመረ በኋላ አይደርስም። ሕፃናቱና ጀማሪዎቹ ያለ ኀፍረት በፋይበርግላስ ይልመዱ። በመቀመጫው ላይ ያለኝ አሳብ ከዚህ ትንሽ ይለያል፤ በረጅሙ ሰርጥ ላይ ብቃት ይወስን፣ በሬጋታው ላይ ግን ዓመቱን የደከመ ሰው ቢያንስ አንድ ተራ ሳያገኝ አይለፍ። ይህ ጥቂት ነጥብ ሊያሳጣ ይችላል፤ ዋጋው ይህ መሆኑን ሳይደብቁ መናገር ይሻላል። በሥራ ላይ ሲውል ያልታየኝ እንቅፋት እንደሚመጣም አልጠራጠርም፤ የሚቃወሙኝ ሰዎች ከእኔ የተሻለ ሊያዩ ይችላሉ።

ኮአና ፋይበርግላስ እንደ ባላጋራ ሲነሱ ግን አንድ ነገር ሊታወቅ ይገባል። በ1933 ጄምስ ታኬኦ ያማሳኪ የሚባል ሠሪ ከኮአ ግንድ ማሊያ የምትባል ታንኳ ጠረበ። ማሊያ በዋይኪኪ ስትወዳደር ኖረች፤ በ1959 በመርከብ ተጭና ወደ ካሊፎርንያ ሄዳ፣ ከካታሊና ደሴት ወደ ዋናው ምድር በተደረገው የመጀመሪያው ውድድር ቀዘፉባት፤ በ1993ም በአሜሪካ ብሔራዊ የታሪክ ቅርሶች መዝገብ ገባች። የፋይበርግላስ ታንኳ ማምረት ሲጀመርም ቅርጹ የተወሰደው ከእሷ ነበር። አሁን ሕፃናቱ በሬጋታ ጠዋት እየተንጫጩ የሚያወርዷት ነጭ ታንኳ የዘር ሐረጓ የሚመዘዘው ከእንጨት ታንኳ ነው።